የሚገባቸውን እንግሊዝኛ እንስጣቸው፦ ግልጽ ደብዳቤ ለእንግሊዝኛ መምህሩ አንባቢ

ውድ አንባቢ፣

እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ከሆነ ይህ ደብዳቤ በቀጥታ ለእርስዎ ነው። የማያስተምሩ ከሆነም ልጅዎ ወይም የወንድምዎ ልጅ በዚህ ሰዓት እንግሊዝኛ ክፍል ተቀምጦ ይሆናልና እስከ መጨረሻው ይዝለቁልኝ።

ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። ስለዚህ ልጁ ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ ተምሮ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውንም ፊዚክሱንም ጂኦግራፊውንም በእንግሊዝኛ ያገኛቸዋል። መጽሐፉን ይገልጣል፤ የመጀመሪያውን አንቀጽ ይጀምራል፤ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው መሸምደድ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህን ውጤት እንግሊዝኛ ብቻውን አመጣው አልልም። ሆኖም ጥያቄው ምን እንደሚል ሳይገባው ፊደል መርጦ የሚያጠቁር ተማሪ ብዙ መሆኑን ፈታኝ ሆኖ ክፍል የገባ ሁሉ አይቷል። ከዚያም የፊዚክስ መምህሩ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ወደ እኛ ዞሮ «እናንተ ስምንት ዓመት ምን ስትሠሩ ነበር?» ይላል። ጥያቄው ያማል፤ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልስም ሊሰጠው ይገባል።

እኔ የደረስኩበት መልስ ይህ ነው። ተማሪዎቻችን የሰዋስው ሕግ አላነሳቸውም። የፕረዘንት ፐርፌክትን ቀመር ከእንቅልፋቸው ቀስቅሰን ብንጠይቃቸው ይዘረዝሩታል። ያነሳቸው እንግሊዝኛው ራሱ ነው፤ ሰምተው የሚረዱት፣ አንብበው የሚረዱት እንግሊዝኛ። አንድ ክፍለ ጊዜ ያስቡ። መምህሩ ርዕሱን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ ቀመሩን ከሥሩ ያሰፍራል፣ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ያብራራል፣ አምስት ወይም ስድስት ምሳሌ ይጽፋል፣ ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ፣ ደወል ይደወላል። በ40 ደቂቃ ውስጥ ልጁ ያገኘው እንግሊዝኛ እነዚያ አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ ቢኖረው እንኳ ከሠላሳ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። በዚህ መጠን ቋንቋ የለመደ ሰው የለም።

ወደ ሩቅ አገር ልውሰድዎት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መባቻ ዋርዊክ ኤሊና ፍራንሲስ ማንጉባይ የተባሉ ተመራማሪዎች በፊጂ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ሙከራ አደረጉ። የፊጂ ልጆችም እንደ እኛዎቹ እንግሊዝኛን የሚያውቁት ከክፍል ነበር፤ ቤታቸውም መጽሐፍ እምብዛም አልነበረም። ተመራማሪዎቹ አራተኛና አምስተኛ ክፍል ላሉት 250 ያህል ሥዕል ያላቸው የእንግሊዝኛ ተረት መጻሕፍት አስገቡ። ልጆቹ በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ያነቡ ነበር፤ ገሚሶቹ ዝም ብለው ለየራሳቸው፣ ገሚሶቹ ደግሞ መምህሩ ጮክ ብሎ እያነበበላቸውና ስለ ታሪኩ አብረው እያወሩ። የቀሩት ትምህርት ቤቶች በተለመደው የዓረፍተ ነገር ልምምድ ቀጠሉ። በዓመቱ መጨረሻ የመጻሕፍቱ ልጆች አንብቦ በመረዳት ያሳዩት እድገት የሌሎቹን እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በሁለተኛው ዓመት ጥቅሙ ከንባብ አልፎ ወደ ጽሑፍና ወደ ሰዋስው ተዛመተ። ሰዋስው ያልተደገመላቸው ልጆች በሰዋስው የተሻሉ ሆኑ። ጥናቱ በ1983 እ.ኤ.አ. ታተመ። እኔ ይህን ከማንኛውም ሥልጠና ሞጁል አስበልጬ አየዋለሁ፤ ምክንያቱም የተሠራው ሀብታም ከተማ ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት አይደለም።

«250 መጽሐፍ ከየት ይመጣል?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ቁጥሩ አያስፈራዎት፤ በአሥርም ይጀመራል። በደቡብ አፍሪካ የሚገኘው ሳይዴ የተባለ ድርጅት ያቋቋመው አፍሪካን ስቶሪቡክ አጫጭር ባለሥዕል ታሪኮችን በነጻ ይሰጣል፤ ማውረድ፣ ማተም፣ አልፎም መተርጎም ይፈቅዳል። አንዱን ታሪክ በእንግሊዝኛም በአፍሪካ ቋንቋም ማግኘት ይቻላል። ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ በሚል ስም የሚታወቁት መጻሕፍት ደግሞ ለኢትዮጵያ ልጆች ተብለው የተዘጋጁ ናቸው፤ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ነው። በዚህ መንገድ ከሄዱት ቀደምት ሰዎች አንዱ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ነው። በስደት አሜሪካ ገብቶ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል የሠራው ዮሐንስ፣ የማሞ ቂሎን ተረት በሁለቱም ቋንቋዎች አሳተመ፤ አገሩ ተመልሶም በ2003 እ.ኤ.አ. ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ በኋላም በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቆመ። መጽሐፍ ወደ ልጁ መሄድ ይችላል ብሎ ያመነ ሰው ነው። ትምህርት ቤትዎ ማባዣ ማሽን ካለው፣ ስምንት ገጽ ያለው ታሪክ በሁለት ወረቀት ፊትና ጀርባ ይገባል። ማባዣ ከሌለም ሚኒ ሚዲያው አለ። ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ወይም በእረፍት ሰዓት አንድ ጎበዝ ተማሪ የአምስት ደቂቃ ታሪክ በድምፅ ማጉያው ቢያነብ ግቢው ሁሉ እንግሊዝኛ ሰማ ማለት ነው። የሚኒ ሚዲያ ክበቦቻችን ጥቅስና ማስታወቂያ ብቻ ማንበባቸው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር አለብኝ፦ ብዛቱ ብቻ አይጠቅምም። ፕላዝማውን ያስታውሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት መጣ፤ የክፍለ ጊዜው አብዛኛው ለስክሪኑ ተሰጠ። እንግሊዝኛው ብዙ ነበር፤ ጥራት ያለውም ነበር። ግን ፍጥነቱ የተማሪውን አቅም አይጠብቅም፤ አንድ ቃል ሲያመልጠው አቁም ሊለው አይችልም። ብዙ ልጆች ለግማሽ ሰዓት ሥዕሉን ብቻ ያዩ ነበር። ያልገባ እንግሊዝኛ፣ ሰዓቱን ቢሞላም፣ እንግሊዝኛ ሆኖ አይቆጠርም።

የሚገባ ማለት ምን ያህል የሚገባ ነው? ለዚህ ቁርጥ ያለ ቁጥር አለ። ኒውዚላንዳዊው ፖል ኔሽንና ባልደረባው በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት መሠረት አንባቢ ያለ ረዳት ታሪክ ለመረዳት በጽሑፉ ካሉት ቃላት 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ ይኖርበታል። ከሃምሳ ቃል አንዱ ብቻ አዲስ ይሁን ማለት ነው። አሁን የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ይዘው ተማሪዎን የማያውቀውን ቃል እንዲያሰምርበት ይጠይቁት። በየመስመሩ ሁለት ሦስት ቢያሰምር ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

ስለዚህ ከመምህሩ ሥራዎች ሁሉ የምወደው አንድ አለ፤ ከባዱን ፓሴጅ በቀላል ቃል መልሶ መጻፍ። ይህን ከመቶ ዓመት በፊት ማይክል ዌስት የተባለ እንግሊዛዊ በያኔው የብሪታንያ ቤንጋል፣ ዳካ ላይ ሆኖ ጀምሮታል። ዌስት ያሳሰበው ትምህርቱን ሳይጨርስ የሚያቋርጠው ልጅ ነበር። ይህ ልጅ በአራተኛው ዓመት ቢወጣ ከእንግሊዝኛው ምን ይዞ ይወጣል ብሎ ጠየቀ። መልሱ ንባብ ሆነ፤ በግማሽ የቀረ ሰዋስው ለኑሮ አያገለግልም፤ ቀላል ጽሑፍ ማንበብ የቻለ ግን ያቺኑ እያነበበ ራሱን ያስተምራል። ስለዚህ ብርቅ የሆኑትን ቃላት በተለመዱት እየተካ ንባቦችን አዘጋጀ። በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው 2000 ያህል ቃላት ያሉት ዝርዝርም እስከ ዛሬ ድረስ የብዙዎች መነሻ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ብራውንና ሁለት ባልደረቦቹ በአዲስ መልክ አሰናድተው 2800 ያህል ቃላት አድርገው በነጻ ለቀውታል። ለከፍተኛ ክፍሎች ደግሞ አቨሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የ570 የአካዳሚ ቃላት ቤተሰቦች ዝርዝር አለ። ስምንተኛ ክፍል ላይ የሚያቋርጡ ልጆች ብዙ በሆኑባት አገራችን የዌስት ጥያቄ ዛሬም ትኩስ ነው። ይኸው ሰው በ1960 እ.ኤ.አ. በአስቸጋሪ ሁኔታ ውስጥ ስለ ማስተማር ትንሽ መጽሐፍ ጽፏል። አስቸጋሪ ያለው ከ30 በላይ ተማሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ 40 ወይም 50 እንኳ፣ በአግዳሚ ወንበር ተጨናንቆ የተቀመጠበትን ክፍል ነው። የእኛን ስልሳና ሰባ ቢያይ ምን ይል እንደነበር እንጃ፤ ቢያንስ ስለ እኛ ያሰበ ሰው ነበር።

ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል እያንዳንዱን በየተራ አናግራለሁ ካሉ ለአንዱ የሚደርሰው 40 ሴኮንድ ነው፤ ያውም እርስዎ አንድ ቃል ሳይናገሩ። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሠራበት ዘዴ ያስፈልጋል። ቃል ጽሕፈት ከሁሉ ይበልጣል፤ ነገር ግን አስተማሪው ቃል በቃል እየቆረጠ የሚያስጽፈው ዓይነት አይደለም። አውስትራሊያዊቷ ሩት ዋይንሪብ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ያስረዳችው አሠራር እንዲህ ነው። አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገር ያለው አጭር ጽሑፍ ያዘጋጃሉ። ለምሳሌ አንዲት ሴት ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ሁለት ፍየል ስለ መሸጧ፣ ጤፍ ስለ መግዛቷ፣ ስትመለስም በዝናብ ስለ መያዟ። አንድ ጊዜ በተለመደ ፍጥነት ያነባሉ፤ ተማሪው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ይሰማል። ሁለተኛ ሲያነቡ ዋና ዋና ቃላትን ብቻ ይይዛል። ከዚያ አምስት አምስት ሆነው ከያዙት ቃል ተነሥተው ጽሑፉን በራሳቸው እንግሊዝኛ መልሰው ይገነባሉ። የአንድ ለአምስት ቡድኑ በመጨረሻ እዚህ ላይ እውነተኛ ሥራ ያገኛል። አንዱ «ሴልድ ነው» ሲል ሌላዋ «ሶልድ ነው፣ ሰምቻለሁ» ብላ ትከራከራለች። ክርክሩ በአማርኛ ቢሆን ግድ የለም፤ የሚከራከሩት ስለ እንግሊዝኛ ነው። ሲጨርሱ ዋናውን ጽሑፍ ሰሌዳ ላይ ያወጡላቸዋል፤ ከራሳቸው ጋር ያስተያያሉ። በዚያች ቅጽበት ስለ ፓስት ቴንስ የሚሰጡት የሁለት ደቂቃ ማብራሪያ ከሙሉ ክፍለ ጊዜ ገለጻ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ተማሪው ራሱ ጠይቆታል።

ለንግግርም እንዲሁ ዓይነት ቀላል ነገር አለ። ተማሪው አንድ ታሪክ ለጎኑ ልጅ በአራት ደቂቃ ይናገራል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ዴስክ ዞሮ ያንኑ ለሌላ ሰው በሦስት ደቂቃ፤ በመጨረሻም ለሌላ በሁለት። ሦስተኛው ላይ ምላሱ ሲፈታ በጆሮዎ ይሰሙታል። ክፍሉ ይንጫጫል፤ የጎረቤት ክፍል መምህር በር ያንኳኳ ይሆናል። አስቀድመው ያስረዱት።

ጥያቄ ስንጠይቅ ደግሞ እንቸኩላለን። አሜሪካዊቷ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙ ክፍሎችን ቀድታ ስታዳምጥ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ሦስት ሴኮንድ መጠበቅ ሲለምዱ መልሶቹ ረዘሙ፤ ደካማ የተባሉ ልጆችም መናገር ጀመሩ። ያ ጥናት የተደረገው በገዛ ቋንቋቸው በሚማሩ ልጆች ላይ ነው። ጥያቄውን ተረድቶ፣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ አስቦ፣ ወደ እንግሊዝኛ የሚያመጣው የእኛ ልጅ ከዚያም በላይ ጊዜ ይፈልጋል። እኛ ግን «ሌላ!» ብለን የፊት ወንበሩን ልጅ እንጠራለን፤ የኋላው ደግሞ ዝምታን ይለምዳል።

ስለ ስህተት ጥቂት ልበል። «ሺ ጎ» ያለ ልጅ ደብተሩ በቀይ ይቀላል፤ በየዓመቱም ያንኑ ይደግማል። የቋንቋ ልምደትን ያጠኑት እነ ማንፍሬድ ፒነማን እንዳሳዩት ተማሪዎች ሰዋስውን በደረጃ ይይዛሉ፤ ገለጻችን ደረጃ አያዘልላቸውም። ያቺ የሦስተኛ መደብ ትንሽ ድምፅ፣ ሕጓ ቀላል ቢሆንም፣ ምላስ ላይ ዘግይተው ከሚመጡት አንዷ ናት። ስለዚህ በአንድ ጽሑፍ አንድ ዓይነት ስህተት መርጠው ያርሙ፤ ሌላውን ይለፉት። በቃል ሲሆን ትክክለኛውን ቶሎ ተናግሮ ማለፍ ብዙም አይሠራም። ሮይ ሊስተርና ሌይላ ራንታ በ1997 እ.ኤ.አ. በካናዳ ክፍሎች ያዩት ይህንን ነው፦ መምህራን አብዝተው የሚጠቀሙበት እርማት ተማሪው ብዙም ልብ የማይለው ሆነ። ቆም ብለው «ሺ...?» ብለው ይጠብቁት፤ ራሱ ያወጣዋል።

አማርኛ ወይም የአካባቢው ቋንቋ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ኃጢአት ነው የሚል ትምህርት ብዙዎቻችን ወስደናል። ምንጩ ሩቅ አይደለም፤ በ1961 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ ማኬሬሬ በተደረገ ጉባኤ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሰጥ የሚለው እምነት ጸንቶ ወጣ። ሮበርት ፊሊፕሰን በ1992 እ.ኤ.አ. ይህንንና ሌሎች የጉባኤውን እምነቶች አንድ በአንድ ነቅሶ መሠረት የሌላቸው ናቸው አለ። እኔ በዚህ ከፊሊፕሰን ጋር ነኝ። የአንድን ከባድ ቃል ፍቺ በአማርኛ በአንድ ቃል ተናግሮ ወደ ታሪኩ መመለስ አምስት ደቂቃ ይቆጥባል። ክፍሉን ማዘዝ ግን በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ደብተር አውጡ፣ ጥንድ ሁኑ፣ ድገሙ፣ ዝም በሉ የሚሉት ቃላት በየቀኑ ስለሚደጋገሙ ያለ ፍቺ ይገባሉ። አማርኛም ለሁሉም የአፍ መፍቻ አለመሆኑን አንርሳ፤ አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ እንግሊዝኛ አራተኛ ቋንቋው የሆነ ልጅ አለ።

የመጨረሻው ጉዳይ የራሳችን እንግሊዝኛ ነው፤ በግልጽ የምናወራው ነገር አይደለም። ብዙዎቻችን ክፍል ውስጥ ወደ ሰዋስው የምንሸሸው ሰዋስው ስለማያጋልጠን ነው። ሕግ ማብራራት ይቻላል፤ ከልጅ ጋር ስለ ገበያ መጨዋወት ግን ያስፈራል። ሆኖም ለልጆቹ የሚያስፈልጋቸው የለንደን አነጋገር አይደለም። የአሜሪካ ድምፅ በ1959 እ.ኤ.አ. ስፔሻል ኢንግሊሽ የተባለውን ፕሮግራም ሲጀምር 1500 ያህል ቃላትን፣ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችንና ዘገም ያለ አነጋገርን መርጦ ለዓለም ዜና አሰማ። በዚያ መጠን መናገር ለእያንዳንዳችን ይቻላል። ሁለት የእንግሊዝኛ መምህራን ከትምህርት በኋላ በእንግሊዝኛ ብቻ እያወሩ ወደ ታክሲ ቢሄዱ ወጪ የለውም። በአቅራቢያዎ ዩኒቨርሲቲ ካለ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከል እንዳለው ይጠይቁ፤ በሩ ለውጭ መምህራንም ክፍት እንዲሆን ይወትውቱ። በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተዘጋጀው ኢንግሊሽ ቲቺንግ ፎረም መጽሔት የቆዩ እትሞቹ በነጻ ተለቅቀዋል፤ ብዙዎቹ ጽሑፎች እንደ እርስዎ ክፍል ውስጥ ያስተማሩ ሰዎች የጻፏቸው ናቸው።

ለርዕሳነ መምህራንና ለሱፐርቫይዘሮችም ይህችን ልጨምር፦ ክፍል ገብታችሁ ስትገመግሙ የዕለት ዕቅዱ ዓላማ በትክክለኛው ግሥ መጀመሩን ማየት ብቻ አይበቃም። አንድ ተማሪ ምረጡና በ40 ደቂቃው ውስጥ ስንት ደቂቃ የገባውን እንግሊዝኛ እንደ ሰማ፣ እንዳነበበ ወይም እንደ ተናገረ በሰዓታችሁ ቁጠሩ። ያንን ቁጥር ለመምህሩ ንገሩት።

ለእርስዎ ለመምህሩ ያለኝ ልመና የሚከተለው ነው። በሚቀጥለው የጉድኝት ማዕከል ስብሰባ አንድ ገጽ ይዘው ይሂዱ፤ ከመማሪያ መጽሐፉ ከአንዱ ከባድ ፓሴጅ በቀላል ቃል መልሰው የጻፉት፣ ከላይ ለየትኛው ክፍል እንደሆነ የተገለጸበት፣ ከታች ሦስት ጥያቄ ያለው። ሌላው መምህርም የራሱን ይዞ ይምጣ። ሃያ ሆናችሁ ብትገናኙ እያንዳንዳችሁ በሃያ ንባብ ትመለሳላችሁ። በሁለተኛው መንፈቅ እንደገና ብታደርጉት አርባ ይሆናል፤ ለአንድ ክፍል በየሳምንቱ አንድ ንባብ ለዓመቱ ይበቃል። ገጹ ላይ «ማንም ያባዛው» ብለው ይጻፉበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሙያ ባልደረባዎ